የወሬኛው ጌም አስተርጓሚ

ጎፋ ውስጥ አምፖል የተቃጠለበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ሃሩን ሱቅ ነው። ሃሩን አምፖሉን ያወጣል፣ ሰክቶ ያበራል፣ ያጠፋል፣ ይሰጣችኋል፤ በቃ። «ይበረክታል?» ብትሉት ራሱን ይነቀንቃል። «ነገ ቢቃጠልስ?» ብትሉት ትከሻውን ይሰብቃል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ እስከዛሬ የተናገረው ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ከሰዓት አይሞላም። አብረውት የሚኖሩት እናቱ ወይዘሮ ዙሌካ «አንተ ልጅ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲሉት፣ «አሁን ደጃዝማች የለም እኮ፣ እማ» ይላቸዋል። ለእንዲህ ያለው መልስ ግን ምላሱ አይታሰርም!

ይህን ስላችሁ ሃሩን ሰው የለውም ማለቴ አይደለም። ማኅበር ነበረው። አዎ፣ ማኅበር፤ ስሙን ያወጣው ራጉኤል ነው። ራጉኤል የታክሲ ሹፌር ነው፤ ከሃሩን ጋር ነፋስ ስልክ አንድ ግቢ ውስጥ አድገው እስካሁንም እዚያው ናቸው። ሦስተኛዋ ያኤል ነበረች፤ ብስራተ ገብርኤል አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ። ከሆሳዕና ለሥራ መጥታ እነሱ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። በሁለተኛው ሳምንት ከራጉኤል ቤት የጌም ድምፅ ሰምታ በሩን አንኳኳች። «ዝቅ አድርጉት ልትለን ነው» ብለው ሲሳቀቁ፣ ቆማ ስክሪኑን አየችና «ያ ዘንዶ በእሳት አይሞትም፤ በበረዶ ምቱት» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ሆኑ።

አዋጥተው አንድ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ገዙ። ማን ቤት ይቀመጥ? እዚህ ላይ ነው ራጉኤል የእናቱን የጽዋ ማኅበር ያስታወሰው። ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት እንደሚዞር ፕሌይስቴሽኑም በየሳምንቱ ይዙር ተባለ። እሑድ ያኤል ከጸሎት ቤት ስትመለስ ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ያበላል፤ ሲለያዩ ቀጣዩ ባለተራ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልሎ በዘንቢል ይዞ ይሄዳል። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፤ ለማኅበሩ ሥጋ አይሠራም። ሃሩን ሙስሊም፣ ራጉኤል ኦርቶዶክስ፣ ያኤል ጴንጤ፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ሽሮና ምስር፣ ሲብስ ደግሞ ፓስታ። የወይዘሮ ዙሌካ ምስር ሲቀርብ ያኤል ጣቷን እየላሰች «እማማ፣ እባክዎ እኔን በማደጎ ይውሰዱኝ» ትላለች። እሳቸው ይስቃሉ፤ ሃሩን ትሪውን ያያል።

ክርክራቸው ግን ጉድ ነው። ሦስት ጌሞች ነበሯቸው፤ ሦስቱም ሰይፍና አስማት፣ ዘንዶና ቤተ መንግሥት ያለባቸው፣ አንድ ሰው ፈጥረህ ከምንም አንሥተህ ጀግና የምታደርግባቸው ናቸው። የፈረንጅ ስማቸው አልጥም ስላላቸው የራሳቸውን አወጡላቸው፤ ጨካኙ፣ ሰፊውና ወሬኛው።

ራጉኤል የጨካኙ ደጋፊ ነው። ጨካኙ በየእርምጃው ይገድልሃል። «አንድ ባለመዶሻ ሦስት ሳምንት ሙሉ ገደለኝ» ይላል ደረቱን እየደቃ። «በመጨረሻ ስጥለው የተሻሻለው ሰይፌ አይደለም፣ እኔ ነኝ! በእናንተ ጌም ጥሩ ሰይፍ የገዛ ሁሉ ጀግና ነው።» ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪና ከትራፊክ ጋር ሲጋፋ ውሎ፣ ደግሞ ቤቱ ገብቶ መቶ ጊዜ የሚሞት ሰው ምን ይባላል? ይወደዋል፤ ምን ታደርጉታላችሁ።

ሃሩን የሰፊው ነው። ሰፊው አጥር የለውም፤ ዓይንህ ያየው ተራራ ላይ ትወጣለህ፣ ደስ ያለህ ወንዝ ዳር ታድራለህ። ንጉሡ አድነኝ ብሎ እየለመነው፣ ሃሩን ሁለት ወር ሙሉ አበባ ሲለቅም ከረመ።

«ተራራው ጫፍ ላይ ማን አለ?» ትለዋለች ያኤል።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ወጣህ?»

«ለማየት።»

«አንተ እኮ ይሄን ጌም የምትወደው መልስ የሚጠይቅህ ሰው ስለሌለ ነው!» ብላ ትስቅበታለች። እውነቷን ነበር፤ እሱም ያውቀዋል።

እሷ የወሬኛው ናት። «እዚህ ሰው ያስታውስሃል» ትላለች። «በመጀመሪያው መንደር የሰረቅከው ሽማግሌ ከስንት ጊዜ በኋላ በሩን ይዘጋብሃል። አብረውህ የሚጓዙት ይቀየሙሃል፣ ይወዱሃል፣ ሲመርራቸው ጥለውህ ይሄዳሉ።» ራጉኤል ይበሽቃል፤ «ሁለት ሰዓት ወሬ፣ አምስት ደቂቃ ጠብ! ይሄ ጌም ነው ወይስ የቀበሌ ስብሰባ?»

መብራት የጠፋ እሑድ ደግሞ ይብስባቸዋል፤ የሚጫወቱት ስለሌለ ሲከራከሩ ይውላሉ። አንድ ቀን ራጉኤል ሊያስታርቃቸው ፈልጎ «የጨካኙን ውጊያ፣ የሰፊውን አገር፣ የወሬኛውን ሰዎች አንድ ላይ የሚያጋባ ጌም ቢኖር እኮ አለቀ» አለ። ያኤል «ማን ያጋባቸዋል? ቤተሰብ አይስማማም» አለች። ራጉኤል ከት ብሎ ሳቀ። ሃሩን አልሳቀም።

ወሬኛው አንድ ጣጣ ነበረበት፤ ወሬው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። የራጉኤል እንግሊዝኛ ከፈረንጅ ተሳፋሪ ጋር ያግባባዋል፤ የሃሩን ግን ዋትና ቮልት ላይ ያበቃል። ስለዚህ ያኤል ታስተረጉማለች። ማስተርጎም ብቻ ቢሆን ደግ! ንጉሡን እንደ ዕድር ዳኛ ታስጮኸዋለች፤ ጋሻ ሻጩን መርካቶ ታወርደዋለች፤ «ወንድሜ፣ የጠዋት ገበያዬ ስለሆንክ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አልሰጥም ነበር!» ዘንዶው እንኳ ሊበላህ ሲል «ቤተሰብ ደህና ነው?» ይላል። አንዷን ብቻ አትቀልድባትም ነበር፤ ከጀግናው ጋር እየተጓዘች ቁስሉን የምታጥብለትን ሐኪም። እሷን በራሷ በያኤል ድምፅ ነበር የምታናግራት። ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ ጌሙ ሦስት መልስ ይደረድራል፤ ሦስተኛው ሁልጊዜ ዝም ማለት ነው። ሃሩን ሲጫወት ሁልጊዜ ሦስተኛውን ይጫናል። «አንተ ዱዳ!» ትለዋለች።

ይወዳት ነበር። ምን ያሸፋፍነኛል፤ ይወዳት ነበር። ክሊኒኳ ድረስ ሄዶ ማንም ሳይጠራው፣ ያልተበላሸ መብራት ቀይሮ ተመልሷል። ነገር ግን አባቷ ሆሳዕና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የእሱ እናት አንድ ሶላት አያልፋቸውም። ከማኅበር ትሪ ላይ ሥጋ ማስቀረት ቀላል ነው፤ ትዳር ሲሆንስ ምኑ ይቀራል? ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ሁለት ዓመት አለፈ።

በአንድ የሐምሌ ሳምንት ያኤል ሆሳዕና ሥራ እንዳገኘች ነገረቻቸው። ደሞዙ ይሻላል፣ ቤተሰቦቿም እዚያው ናቸው፤ መልሷን ሰኞ ማሳወቅ አለባት። ራጉኤል «እንኳን ደስ አለሽ» አለ፣ ፊቱ ሳይፈታ። ሃሩን ራሱን ነቀነቀ።

እሑዱ የሃሩን ተራ ነበር። ምሳ ተበልቶ ወሬኛው ተከፈተ፤ ጆይስቲኩ ሃሩን እጅ ነው። ጀግናውና ሐኪሟ ጫካ ውስጥ እሳት እየሞቁ ነው። ሐኪሟ ቀና ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ያኤል ትንሽ ቆይታ አስተረጎመች።

«‹ነገ ወደ ሌላ አገር ልሄድ ነው› ትልሃለች። ‹ግን ቆዪ የሚለኝ ሰው ካለ እቆያለሁ። አንተ ትለኛለህ?›»

ሃሩን ገረመው። ሐኪሟም ልትሄድ! ጌሙ የልቡን ያወቀበት መሰለው። ያኤል መልሶቹን አነበበችለት፤ «አንደኛው፣ ቆዪ። ሁለተኛው፣ በሰላም ሂጂ። ሦስተኛውን ታውቀዋለህ።»

ራጉኤል ቆሎ መቆርጠሙን አቆመ። የሃሩን አውራ ጣት ወደ አንደኛው ሄዶ ነበር፤ አላህ ያውቃል፣ ሄዶ ነበር። ግን ያኤል አጠገቡ ተቀምጣለች፣ ራጉኤል ያየዋል፣ እናቱ ጓዳ ናቸው። «ቆዪ» የምትለው ቃል በጌም እንኳ ከበደችው፤ ሁሉም ነገሩን የሚያውቁበት መሰለውና አፈረ። ሦስተኛውን ተጫነ።

ያኤል አልሳቀችም፤ ዱዳም አላለችውም። ሰኞ ለሆሳዕናዎቹ እሺ አለች። በሁለተኛው ሳምንት ዕቃዋን ራጉኤል ታክሲ ላይ ጫነች፤ ሃሩን ሻንጣዋን ተሸክሞ አደረሰላትና የመኪናውን በር ዘጋላት።

ማኅበር በሁለት ሰው አይሆንም። ራጉኤልም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃሩን ላይ ፊቱን አጠቆረ። ለምን? ሃሩን አልጠየቀም፤ ይጠይቃል እንዴ! ፕሌይስቴሽኑ እሱ ዘንድ ቀረ። ያኤል በዓመቱ አገባች፤ ደውላ ስትነግረው «ማሻአላህ» አላት። ቀጥላ ልጅ ወለደች። ሃሩን ሰፊውን ከፍቶ ተራራ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ማንም የለም፤ ድሮ የሚወደው ይሄንኑ ነበር፣ አሁን ግን ወዲያው ይወርዳል። እሑድ ከሰዓት የግቢው በር ሲንኳኳ አሁንም ቀና ይላል።

ባለፈው ክረምት፣ ከሄደች በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሲወርድ ውሎ ወሬኛውን ከፈተ። ሊጫወት አልነበረም፤ ናፍቃው ነው። ድምፅዋ እዚያ ውስጥ የቀረ ይመስለው ነበር። ስልኩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፎቶ ሲያነሣ ወደ አማርኛ ይመልስለታል፤ ስለዚህ ንግግሩን አንድ በአንድ እያነሣ ያነብ ጀመር። ንጉሡ ስለ ግብር ብቻ ያወራል። ጋሻ ሻጩ ወንድሜ አይልም። ዘንዶው ቀጥታ ወደ መብላቱ ነው። ለካ ያ ሁሉ ጨዋታ የእሷ ኖሯል! ብቻውን ሳቀ፤ እየሳቀ ዓይኑ ረጠበ።

እንዲህ እያለ እሳቱ ዳር ደረሰ። ሐኪሟ ቀና አለች፤ ሃሩን ፎቶ አነሣ። ስልኩ «ጫማዬ ርጥብ ነው። ነገ በወንዙ ወይስ በተራራው እንሄዳለን?» አለው።

ስልኩ የተሳሳተ መሰለው። ደግሞ አነሣ። ጫማ፣ ወንዝ፣ ተራራ። መልሶቹን አነሣ፤ አንደኛው በወንዙ፣ ሁለተኛው በተራራው፣ ሦስተኛው ዝም ማለት። ስለ መሄድና ስለ መቆየት አንድም ቃል የለም።

ጃኬት ሳይደርብ በዝናቡ ግቢውን አቋርጦ ራጉኤል ቤት ገባ። «ያን ቀን ሐኪሟ ምን ነበር ያለችው?»

ራጉኤል ከላይ እስከ ታች አየውና «ስለ ጫማዋ ነዋ» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም? ሰምቻታለሁ። አንተ ደግሞ እሷን ታውቃታለህና የገባህ መሰለኝ። ልጅቷ ክብሯን ጥላ ስትጠይቅህ፣ ገብቶህ እያለ ዝም ብለህ አሳፈርካት ብዬ ሦስት ዓመት ተቀይሜህ ኖርኩ!» ከዚያ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ወይኔ ሃሩን! አልገባህም ነበር?»

ሃሩን እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣ። ያኤል በሦስተኛው ጥሪ አነሣች።

«ሃሩን? ምነው በደህና? እማማ ዙሌካ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። ያኤል፣ ሐኪሟ የተናገረችው ስለ ጫማዋ ነው።»

ከወዲያ የሕፃን ድምፅ ይሰማል። ያኤል ተራመደች፤ በር ሲዘጋ ሰማ።

«ሦስት ዓመት ፈጀብህ» አለች። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ሳቁ አልመጣላትም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።»

«ለምን በጌም ጠየቅሽኝ?»

«ቆዪ ባትለኝ፣ ጨዋታ ነበር ብለን ሁለታችንም ከእፍረት እንድንተርፍ ነዋ።»

«አንደኛውን ብጫን ኖሮስ?»

«እቆይ ነበር። አባቴን እኔ አሳምነው ነበር። ካልሆነም አልቅሼ አሳምነው ነበር።»

ሃሩን ግድግዳውን ተደግፎ ተናገረ። እወድሽ ነበር አላት፤ አሁንም አላት። እሑድ እስኪደርስ ቀን እንደሚቆጥር፣ ስትስቅ ምን እንደሚሰማው፣ ሻንጣዋን ይዞ እስከ መኪናው ሲሄድ እርምጃውን እንዴት እንዳዘገመ፣ እያከታተለ ነገራት። ራጉኤል ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«አውቅ ነበር እኮ፣ ሃሩንዬ» አለች በመጨረሻ፤ እያለቀሰች ነው። «ሳላውቅ ቀርቼ ነው የጠየቅኩህ? ከአፍህ ልሰማው ፈልጌ ነበር። ይኸው ሰማሁት፤ ተባረክ። ከእንግዲህ ግን አትደውልልኝ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፣ እኔም ልቤን ገና አሁን ነው ያሳረፍኩት። እሺ በለኝ።»

«እሺ» አላት።

ስልኩ ተዘጋ። ሃሩን ገና ጆሮው ላይ እንደያዘው ነው፤ ያልነገራት ብዙ ነገር ቀርቶት ነበር።