ዜናውን የበጠበጠው ሞተር

ቀኝ ቅልጥሜ ላይ፣ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ የሚነግረኝ እሱ ነው። ዛሬም ጠዋት ይጠዘጥዘኝ ጀመር። እንደ ልማዴ በአውራ ጣቴ ስጫነው አፍንጫዬ በቤንዚን ሽታ ተሞላ። እዚህ ቤት ቤንዚን የለም። ሽታው የመቱ ከተማ ነው።

ነገሩ በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። መቱ ሳይንስ እንዳስተምር የተመደብኩ አዲስ መምህር ነበርኩ፤ ጠመኔዬን በቁመቱ ደርድሬ የማስቀምጥ፣ ያልተጠየቅሁትን ሁሉ የማስረዳ። ክፍል በሌለኝ ሰዓት የማልጠፋው ከመካኒኩ ጋራዥ ነበር። መካኒኩ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው የመጡ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እኩል የሚቀልዱ ሰው ነበሩ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ቲቸር» ይሉኛል።

አንድ ያረጀ የጣሊያን ሞተር ሳይክል ነበራቸው። በእሱ ገጠር ለገጠር እየዞሩ ወፍጮ ይጠግናሉ፤ እንጀራቸው እሱ ነው። ታዲያ የኢሉባቦርን ዝናብ ታውቀዋለህ። የድሮ ሞተር እሳቱን የሚያገኘው ሁለት ትናንሽ ብረቶች እየተነካኩና እየተላቀቁ ነው፤ ብረቶቹን እርጥበት ካገኛቸው እሳቱ ይጠፋል። በዚህ የተነሳ ሞተሩ የጎሬን ዳገት ይጀምርና መሀሉ ላይ ቀጥ ይላል። እኛም ብረቶቹን አውጥተን በምትካቸው፣ ተገልብጦ ከተጣለ አዲስ ሞተር ላይ የተፈታ ጥቁር የኤሌክትሮኒክ ሳጥን ልንገጥም ተነሳን። በውስጡ የሚነካካ ነገር ስለሌለ ዝናብ አያሸንፈውም።

«ይሄ ከሠራ፣ ቲቸር፣ በክረምት ዳሪሙ ድረስ እገባለሁ» አሉኝ። «በቅሎዎቹ ቆመው ያዩኛል።»

ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት እየሄድኩ ስንሞክር ሰነበትን። እሳት የሚፈነጥቀውን ካንዴላ ፈትተን ከሞተሩ አካል ጋር እናስነካና ፔዳሉን ስንረግጥ፣ በጨለማው ጋራዥ ውስጥ ሰማያዊ እሳት ጣ! ጣ! እያለ ይፈነጥቃል። እንደ ልጆች እንስቅ ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ በሩ በእርግጫ ተበረገደ። የቀበሌው የጥበቃ ኃላፊ ከታጣቂዎቹ ጋር ገባ። አጠገባችን ባለው ሻይ ቤት ያለው ሬዲዮ፣ የቀትሩ ዜና በተነበበ ቁጥር ጣ ጣ ጣ ይላል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይጀምራል። የምስጢር መልእክት ነው ብለው ድምፁን እየተከተሉ ነበር የመጡት። ኃላፊው ጥቁሩን ሳጥን በጠብመንጃው አፈሙዝ ነካ አደረገው።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው?»

«የሞተር እሳት ነው፣ ጌታዬ» አሉ መካኒኩ።

«እሳት በሳጥን? ከወንበዴ ጋር የምታወራበት ነው!»

እኔ ተነሳሁ። «ጓድ፣ ላስረዳ። እሳቱ በፈነጠቀ ቁጥር ሞገድ ይወጣል፤ ያንን ሬዲዮው ይይዘዋል...»

«ሰማችሁ? መምህሩም መሰከረ!»

አንዱ አንገቴ ላይ አፈሙዝ ደቅኖ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ። ሁለቱ መካኒኩን ጎትተው እጆቻቸውን ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ ዘረጉና በሰደፍ መቷቸው። የጣት አጥንት ሲሰበር ድምፁ ደረቅ ነው፤ ልክ እንደ ጠመኔ። መካኒኩ ሲጮሁ ሌላ ሰደፍ አፋቸው ላይ አረፈ።

«ሞተር ከሆነ ይነሳ» አለ ኃላፊው። «ካልተነሳ ሁለታችሁም ካሚዮኑ ላይ ናችሁ።»

በዚያ ዓመት በካሚዮኑ ከሄደ ሰው የሚመለሰው ልብሱ ብቻ ነበር።

እሳቱ የሚፈነጥቅበትን ቅጽበት የምትወስነው ከሳጥኑ ጋር የተያያዘች ትንሽ ሳህን ናት፤ እሷን ገና አላስተካከልንም። መካኒኩ ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ ደም ተፉ። «ቲቸር፣ ካቻቢቴውን ያዝ። ሳህኗን ወደ ግራ... ትንሽ።» አላልቼ አዞርኳት፤ አጠበቅሁ፤ ካንዴላውን መለስኩ። በቀኝ እግሬ ፔዳሉን በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት።

ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ እሳቱ ከቀደመው፣ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ፔዳሉም አብሮ ይመለሳል። ቅልጥሜን ሲመታኝ አጥንቴን ነጭ ሆኖ አየሁት። ታጣቂዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ሞተሩም ገረፈው!»

«አበዛኸው» አሉ መካኒኩ። «ወደ ቀኝ። ፀጉር ታህል።»

ሳህኗን መለስኳት። በዚያው እግሬ ረገጥኩ። ሞተሩ አጓራ፤ ቤቱ በጭስ ታፈነ፤ የሻይ ቤቱም ሬዲዮ ተንጣጣ።

«አጥፋ!» አለ ኃላፊው። አጠፋሁ። የዜና አንባቢው ድምፅ ጠራ።

«አስነሳ!» አስነሳሁ። ተንጣጣ።

ደጋግሞ አስረገጠኝ፤ በረገጥኩ ቁጥር ደሜ ጫማዬ ውስጥ ይንቦጫረቃል። በመጨረሻ ጠብመንጃውን ትከሻው ላይ አነገተ። የሆነ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«ከእንግዲህ በዜና ሰዓት እንዳታስነሱ» አለና ወጣ።

የሻይ ቤቱ ባለቤት እትዬ እያለቀሱ መጥተው እግሬን በነጠላቸው ጫፍ አሰሩልኝ። አንድ ሰሃን ፉልና ዳቦ ፊታችን አስቀምጠው፣ ወጌሻ ሊጠሩ ሮጡ። መካኒኩ ያበጡ ጣቶቻቸውን ያያሉ። ሊያጥፏቸው ሞከሩ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉ። እነዚያ ጣቶች ካቻቢቴ ሲይዙ ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ሞተሩንም የኢሉባቦሯ ቡሬ ያለ አንድ ነጋዴ ገዛው፤ በዝናብ አይቆምም ይባል ነበር።

ያን ጊዜ ግን ይህን አላወቅንም። «ጋሼ፣ አጥንት እኮ ይገጥማል» አልኩ። «መጀመሪያ በስብራቱ ዙሪያ ለስላሳ ነገር ይሠራል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ...»

«ቲቸር» አሉኝ። «አታስረዳኝ። አጉርሰኝ።»

ዳቦውን በፉሉ ነክሬ በደህናው የአፋቸው ጎን አጎረስኳቸው። ቀስ ብለው አላመጡ። እንባቸው ሲወርድ የሚጠርጉበት እጅ አልነበራቸውም። በሸሚዜ እጅጌ ጠረግሁላቸውና ሌላ ዳቦ ቆረስኩ።