ሁለት ዶክተር የተጠራበት ሽምግልና

ባለፈው እሁድ... ዘንዘልማ፣ አክስቴ ቤት፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሰው ልመረምር እጠብቃለሁ።

ሐኪም አይደለሁም። የሶሲዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ብሔርና ማንነት ሳጠና ነው። ሰው «እኔ እንትን ነኝ» የሚለው መቼ ነው፣ ለማን ነው፣ ለምን ነው... ሥራዬ ይኸው ነው። ዘመዶቼ ግን ፊት አይቼ ብሔር የምናገር ይመስላቸዋል። አንዷ ጎረቤቴማ የልጇን ፍቅረኛ ፎቶ በስልኳ አምጥታ «እስቲ አፍንጫውን አጉልተሽ እይልኝ» ብላኛለች።

የእሁዱም ጥሪ ያው ነው። የአክስቴን ልጅ ማህሌትን ለመጠየቅ ሽማግሎች ይመጣሉ። ልጁን፣ አንተነህን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እንወደዋለን። አክስቴ ግን አባቱ በስልክ አገውኛ ሲያወሩ ሰምተው እንቅልፍ አጥተዋል።

«ምንድን ነው ልጁ?» አሉኝ ጓዳ ጠርተው።

«መሐንዲስ ነው።»

«እሱን አላልሁሽም... ምንድን ነው?»

«ሰው ነዋ፣ አክስቴ።»

«ሰውማ ማን ያልሆነ አለ! ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ምን ልትሆኚ ነው? አባቱን ደህና አድርገሽ እያቸው። አንቺ አይሆንም ካልሽ፣ አይሆንም።»

ማህሌት በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ኖሯል። እንባ ባቀረረ ዓይኗ አየችኝና ሄደች።

ሽማግሎቹ ገቡ። ከፊት የልጁ አባት፣ አያ ተሻለ። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሎች። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው... ዶክተር ሙሉቀን! ቢሮው ከቢሮዬ ጎን ነው፤ የሚያጠናውም እኔ የማጠናውን ነው። ሲያየኝ ተመልሶ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አልሁት በሹክሹክታ።

«አያ ተሻለ አጎቴ ናቸው። የልጅቱን ዘር አጣራልኝ ብለውኝ ነው... አንቺስ?»

በአገጬ ወደ አክስቴ ጠቆምሁ።

ሰላምታውና ትውውቁ ሲያልቅ አክስቴ «እስቲ ዶክተሮቹ ይናገሩ» አሉ። ለማህሌት ስል ቀድሜ ተነሣሁ። ብሔር ሰው ራሱ የሚሠራው ነገር እንደሆነ፣ እንደጊዜውና እንደቦታው እንደሚቀያየር፣ ጋብቻ እንደማይከለክል አስረዳሁ። ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ...

ሙሉቀን ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተሯ ያሉት ልክ ነው። የዘነጉት ነገር ግን አለ።»

«ዘነጉት» የምትለዋ ቃል አቃጠለችኝ። ማንነት ሰው በልጅነቱ ከቤቱ የሚወርሰው ነው፣ እንደ ልብስ አይቀየርም አለ። መጽሐፍ ጠቀስሁበት። እሱም ጠቀሰብኝ። «አንተ ድሮም ሳታነብ ነው የምትጽፍ!» አልሁት። «አንቺ ደግሞ ሳትጽፊ ነው የምታረጂ!» አለኝ። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ሁለታችንም ቆመናል፤ ጣት እያወዛወዝን ነው።

አያ ተሻለ ተጨነቁ። ወደ አክስቴ ጠጋ ብለው «እነዚህ ልጆች በምን ተጣሉ?» አሉ።

«በብሔር ነው መሰለኝ።»

«በየትኛው ብሔር?»

«በየትኛውም አይደለም... በጠቅላላው ነው።»

ሽምግልናው ወዲያው አቅጣጫ ቀየረ። ለማህሌት የመጡት ሽማግሎች እኛን ለማስታረቅ ተቀመጡ። አክስቴና አያ ተሻለ ጎን ለጎን ሆነው ይገሥጹናል፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ስንሳሳም ግን እንደ ፍየል ስለተገፋፋን፣ አያ ተሻለ ለሽማግሎቹ በአገውኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ።

ሽማግሎቹ ከመሳቃቸው በፊት አክስቴ ሳቁ። ከት ብለው።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

«እርስዎ አገውኛ ይሰማሉ እንዴ?» አሉ አያ ተሻለ።

አክስቴ ነጠላቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። «ያሳደገችኝ አያቴ ሌላ ቋንቋ መቼ ታውቅና...»

ክው አልሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ መጀመሪያ ያነጋገርሁት ሰው እኮ እሳቸው ናቸው! ያኔ «ከኛ ቤት አንድም የተቀላቀለ የለም» ብለው መቅረጸ ድምፄ ላይ አስቀርተውልኛል።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ያኔ ምን ያደርግልኝ ነበር?» አሉና ወደ አያ ተሻለ ዞሩ። «እንግዲህ ልጃችሁ ልጃችን ነው።»

ከጓዳ የማህሌት እልልታ ተሰማ... ለራሷ ሽምግልና ራሷ እልል ስትል የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

ስንወጣ ሙሉቀን ባጃጅ እስክናገኝ አብሮኝ ቆመ። «አየሽ? አክስትሽን በልጅነታቸው የወረሱት አልለቀቃቸውም» አለኝ። «አየህ? ሲመቻቸው አወጡት» አልሁት። ባጃጁ ሲመጣ እሱ ገባ፣ እኔ ሌላ ጠበቅሁ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እኔንና ሙሉቀንን አንድ ጠረጴዛ ላይ ላለማስቀመጥ ሁለቱም ወገኖች ያለ ምንም ክርክር ተስማምተዋል።