ለዑመር የመረጥኩለት መነጽር

ይህን ነገር ሳልነግራቸው ሦስት የነፍስ አባቶቼን ቀብሬአለሁ። ጾም መግደፌን ነግሬአቸዋለሁ፤ ሰው ማማቴን ነግሬአቸዋለሁ፤ ከጎረቤት እንደተኳረፍኩ ፋሲካ መዋሌን ሳይቀር ነግሬአቸዋለሁ። ሦስቱም ደጎች ነበሩ። ሦስቱም በየተራቸው «የቀረሽ አለ ወይ ልጄ?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔም «የለም አባቴ» ብዬ መስቀል ተሳልሜ ወጥቻለሁ። ነበረ። አንድ መነጽር ነበረ።

በመነጽር ደግሞ ምን ኃጢአት ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዙ ዘመን ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። እስቲ እናንተ የምታነቡት ፍረዱ፤ እኔ የሆነውን እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

አሰብ የገባሁት በወጣትነቴ፣ ከደሴ ተነሥቼ፣ ቡና በጫነ መኪና ላይ ተቀምጬ ነው። ባል ፈልጌ አይደለም፤ ሥራ ፈልጌም አይደለም። እግሬ አንድ ቦታ መዋል አይሆንለትም፤ ባሕር የሚሉትን ነገር ልይ ብዬ ነው። ባሕሩ ፊት ቆምኩ፤ ግን ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። የአሰብ ፀሐይ ከላይ ብቻ አይደለም የምትመጣው። ከውሃው ትነሣለች፣ ከአሸዋው ትነሣለች፣ ከቆርቆሮው ትነሣለች። ሰው ሰላም የሚላችሁ ዓይኑን አጥብቦ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላይ አገሩ በሙሉ የተቆጣኝ ይመስለኝ ነበር።

መነጽር መሸጥ የጀመርኩትም ከዚህ የተነሣ ነው። አቡ ሳሌም የሚባል የመናዊ ነጋዴ ከመርከበኞች የሚገዛውን መነጽር ይሰጠኛል፤ እኔ ጠፍጣፋ የጣውላ ሣጥን በአንገቴ አንጠልጥዬ፣ የጭነት መኪኖች የመጫኛ ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ እዞራለሁ። ሥራው ዙረት ነው፤ ዙረት ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ የማውቀው ሙያ ነው።

መምረጡን ግን ያስተማረኝ አቡ ሳሌም ነው። መጀመሪያ መነጽሩን ጉንጬ ላይ አስነካኝ። መስታወት ከሆነ ቀዝቅዞ ይቆያል፤ ሚካ፣ ማለትም ፕላስቲክ፣ ከሆነ ወዲያው የገላን ሙቀት ይወስዳል። ቀጥሎ ክንዴን አስዘርግቶ በመነጽሩ ውስጥ የመርከብ ምሰሶ አሳየኝና ቀስ አድርጌ ወደ ጎን እንዳንቀሳቅሰው አዘዘኝ። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ከቆመ ደህና ነው፤ እንደ እባብ ከተጥመለመለ ራስ ምታት ነው የምትሸጪው አለኝ። ዋናውን ነገር ለመጨረሻ አቆይቶት ነበር።

«ብርቄ፣ ጥቁር ሁሉ ጥላ አይምሰልሽ። መናኛ ሚካ አጥቁረው ያመጡልሻል። ዓይን ጨለማ መጣ ብሎ የብሌኑን በር ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ፀሐይም ሳታንኳኳ ትገባለች። ከእንዲህ ያለው መነጽር ባዶ ዓይን ይሻላል።»

ይህን ሰምቻለሁ። ገብቶኛልም። አላወቅሁም ነበር ማለት የማልችለው ለዚህ ነው።

ሥራዬንም እችልበት ነበር። ክብ ፊት ላለው ማዕዘን ያለው ክፈፍ፣ ፊቱ ለሾለው ደግሞ ከብብ ያለውን አወጣለታለሁ። ከጎጃም ከወሎ ተመድበው የመጡት መምህራን ተማሪ እንዳይስቅባቸው ቀለል ያለ ቡናማ ይወዳሉ። ሹፌሮች ግን ግማሽ ፊት የሚሸፍን ካልሆነ አይረኩም። አንዱ ሣጥኔን በሙሉ ሲያወጣ ሲያገባ ቆይቶ «እስቲ ባለ መነጽሯ፣ ለእኔ ፊት የሚሆነው የቱ ነው?» ቢለኝ፣ ረዳቱ ከተሳቢው ላይ ሆኖ «ለአንተ ፊትማ ሸራው ነው የሚሆነው!» ብሎ ሜዳውን አሳቀው። ኪሱ የሳሳውንም ሰው አላሳፍርም። ለፎቶግራፍ ከሆነ ሚካው ይበቃሃል፤ ለመንገድ ከሆነ ግን ክፈፉ ቢያረጅም መስታወቱ ደህና የሆነውን ውሰድ፣ መንገዱ የሚፈልገው መልክህን ሳይሆን ዓይንህን ነው እላለሁ። ሰው ያምነኝ ነበር። እኔ መረጥኩ ካልኩ ምሰሶውን ራሱ የሚሞክር አልነበረም።

ዑመር የመጣው ይህን ስም ሰምቶ ነው። ከአሰብ በጀልባ ከሚደረስባት ከራሔይታ የመጣ አፋር ነው። ጨው ማምረቻው ውስጥ፣ ውሃው ደርቆ የሚቀረውን ጨው እየጠረገ ይከምራል። ጨው ሜዳ ያላየ ሰው ነጭ አይቻለሁ አይበል። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ጠዋት ዓይናቸውን ኩል በደንብ ይኳላሉ፤ ከዚያ ጥምጣሙን ፊታቸው ላይ ይጠመጥሙና ጣት የማታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ይተዋሉ። ቀኑን ሙሉ የሚያዩት በዚያች ቀዳዳ ነው። ዑመር ብዙ ዓመት እንዲህ ሠርቷል። አሁን ግን ከቀትር በኋላ ዓይኑ እያነባ አስቸገረው። ዓይኑ ከደከመ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ራሔይታ ያሉት ሚስቱ ፋጡማና ሁለት ሴት ልጆቹ የሚበሉት የለም።

«እህቴ፣ ለመልክ አይደለም» አለኝ። «የመልኩ ጊዜ አልፏል፤ አግብቻለሁ።»

ሳቅሁ። ሣጥኔን ፈተሽኩና ለጨው ሜዳ የሚሆን እንደሌለኝ ነገርኩት፤ ሲመጣ አስቀምጥልሃለሁ አልኩት። ያን ቀን እውነት መናገር እንዴት ቀሎኝ እንደነበር አሁን ድረስ ይገርመኛል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጣ። አረንጓዴ መስታወት፣ ቀጭን የብረት ክፈፍ። ክንዴን ዘርግቼ አየሁበት፤ ምሰሶው ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ መነጽር ከዚያ በፊት በእጄ አልገባም፤ ከዚያም በኋላ አልገባም። ለዑመር በጓደኞቹ በኩል ነገርኩ። «ዓርብ ከስግደት በኋላ እመጣለሁ፤ አደራ» ብሎ መለሰልኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ ከሣጥኑ ሥር አኖርኩት።

ሐሙስ ቀን ታደለ መጣ። ታደለ ሹፌር ነው፤ ቁመናው የሚያምር፣ እሱም የሚያምር መሆኑን የሚያውቅ። ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ይነሣ ነበር። እኔ አሰብ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ለእኔ ሁለት ዓመት ብዙ ነው፤ እግሬ ይበላኝ ጀምሯል። ውሰደኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ። ሣጥኑን ሲያገላብጥ ጨርቁን አገኘ።

«ይሄንንስ ለማን ደበቅሽው?»

«ተወው፣ የሰው ነው። የጨው ሠራተኛ ነው።»

«ለጨው ነው እንዴ የሚያጌጠው!» አለና አጠለቀው። በመኪናው ስፖኪዮ ራሱን በግራም በቀኝም አየ። «ብርቄ፣ ቅዳሜ ጋቢናው ባዶ ነው። ይሄ ፊቴ ላይ ካለ ባዶ ነው። ከሌለ ግን ሞልቷል።»

በቀልድ ነው ያለው። በቀልድ ሰጠሁት።

በቀልድ አልኩ እንዴ? አይደለም። አስቤ ነው የሰጠሁት። ታደለን ወድጄው ነበር? አልወደድኩትም። ተርቤ ነበር? አልተራብኩም። ያስገደደኝ ሰው ነበር? አልነበረም። መንገድ አማረኝ፤ የሰው ዓይን ሰጥቼ መንገድ ወሰድኩ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ዓርብ ዑመር መጣ። ታጥቦ፣ ሰግዶ፣ ንጹሕ ሽርጥ ለብሶ መጣ። እኔ ከሣጥኔ ውስጥ ከሁሉ የጠቆረውን ሚካ መርጬ ሰጠሁት። መረጥኩ ነው የምላችሁ፤ ተሳስቼ አላነሣሁም። ምርጫ የማያውቅ ሰው መነጽርን በጥቁረቱ እንደሚመዝን አውቅ ነበር፤ በዚህ ያዝኩት።

«ያ ያልሽኝ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

አጠለቀውና ወደ ባሕሩ ዞረ። «ያ ረብ! ፀሐይዋን አጠፋሻት እኮ!» ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ። ዋጋ ቀነስኩለት፤ ያ ደግሞ ለእሱ ሳይሆን ለራሴ ነበር። እሱ ግን ደግነት መስሎት መረቀኝ። ከዚያ ጥምጣሙን ከፊቱ ላይ ይፈታው ጀመር። «ከእንግዲህ ንፋስ ያግኘኝ፤ ኩሉንም ለሴቶቹ ትቼላቸዋለሁ» አለ። እኔ ቆሜ ሲፈታ አየሁት። ጥምጣሙን እንኳ አትተው ብዬ ብነግረው ምን ነበረበት? ግን እንደዚያ ብነግረው «ለምን?» ሊለኝ ነው። ገንዘቡን ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ተጓዝኩ። ባቲን አየሁ፣ ኮምቦልቻን አየሁ፣ ከዚያም ወዲያ ሄድኩ። ታደለ መንገዱን ሁሉ እየዘፈነ ነዳ። አልዋሻችሁም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጸጸት አብሮኝ ተሳፍሮ ነበር ብል ያምርልኝ ነበር፤ ግን አልተሳፈረም።

አሰብ የተመለስኩት ከወራት በኋላ ነው። አንድ ቀን ከአቡ ሳሌም ሱቅ ፊት ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ዑመር መጣ። ሁለት ሹፌሮችና አንድ መምህር ነበሩ፤ ሦስቱም እኔ የመረጥኩላቸውን መነጽር አድርገዋል። ዑመር መነጽሩን አወለቀ። ግራ ዓይኑ ላይ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቶበታል። ቀኙ ቀልቷል፤ ግን ያያል። ልብ በሉ፣ ያን ቀን ቀኙ ያይ ነበር።

«እህቴ፣ አንቺ መስታወት ታውቂያለሽ» አለኝ። «ጓደኞቼ በጥምጣማቸው ናቸው፤ ደህና ናቸው። እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የሆንኩት። ይሄ መነጽር ይሆን እንዴ? ላውልቀው?»

አቡ ሳሌም መነጽሩን ከእጁ ወሰደ። ጉንጩ ላይ አስነካው። ጠረጴዛው ላይ አኖረውና እኔን አየኝ። እንድናገር ጊዜ ሰጠኝ። ሹፌሮቹም አዩኝ፤ መምህሩም የራሱን አውልቆ ሸማው ላይ እየጠረገ አየኝ።

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። አውልቀው። ስሜ ይጠፋ ነበር፤ ሣጥኔ ይቀር ነበር፤ ሹፌሮቹ ይስቁብኝ ነበር። ከዚህ የበለጠ ምን ይመጣብኝ ነበር?

«የጨው ንፋስ ነው» አልኩት። «መነጽሩ ምን አደረገህ? እንዲያውም እንዳታወልቀው።»

እንዳታወልቀው አልኩት። ይህን ቃል እኔ ነኝ ያልኩት። መጀመሪያ መነጽሩን መለወጤ አንድ በደል ነው፤ ይህ ግን ከእሱ ይበልጣል። ያኔ ዓይኑ ምን እንደሚሆን አላየሁም ነበር፤ ይህን ያልኩት ግን ዓይኑን እያየሁ ነው። ዑመርም መነጽሩን ከጠረጴዛው አንሥቶ በሁለት እጁ አጠለቀው፤ አመስግኖኝ ወደ ጨው ሜዳው ተመለሰ። አቡ ሳሌም ከዚያ ቀን በኋላ ከመርከብ የመጣ መነጽር አልሰጠኝም። ምክንያቱን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሐኪም ቢጠየቅ ጨው ነው፣ ንፋስ ነው፣ ዕድሜ ነው ይል ይሆናል። ይበል። ሐኪሙ ያን ቀን አልተጠየቀም። የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አሰብን ለቅቄ ልወጣ ስል ነው፤ ወሬው ሁሉ በንጉሡ ላይ ስለተነሡት የአዲስ አበባ ወታደሮች በሆነበት ሰሞን። ወደ ራሔይታ የሚሄዱ ጀልባዎች ከሚቆሙበት ዳርቻ ፋጡማ እጁን ይዛ ትመራው ነበር። ያን መነጽር እንዳደረገ ነው። አንዱ ክንፉ ተሰብሮ በክር ታስሯል። በዝምታ ላልፋቸው ነበር፤ ሰላምታ የሰጠችኝ ፋጡማ ናት።

«የመነጽሯ ሴት አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። «እባክሽ አንድ ነገር በይው። አውልቅና ዓይንህን ልጠብልህ እለዋለሁ፤ ‹እህቴ አታውልቅ ብላኛለች› እያለ፣ አንቺን ማለቱ ነው፣ እንቢ ይላል።»

ዑመር በድምፅ እንዲለየኝ ብዬ ጠጋ አልኩ።

«አውልቀው» አልኩት።

አወለቀው። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ፣ ወደ ሰማይ አዞረ። «ያው ነው» አለ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። የጠፋው የእናንተ ዓይን አይደለም፤ ይቅር ብትሉኝም የሰው ገንዘብ ትሰጡኛላችሁ። ወጣት ነበርኩ ብዬም አላመካኝም፤ ወጣትነት ምሰሶ አያጣምምም፤ እኔ ምሰሶውን ቀጥ ብሎ አይቼዋለሁ። ይቅርታ መለመኛዬ ያ ዳርቻ ነበር። ጀልባው ገና ሰው አልሞላም። ፋጡማ ዕቃዋን ልታስጭን ትታን ሄዳለች። ዑመር ፊቱን ወደ ድምፄ መልሶ፣ የምለው እንዳለ አውቆ፣ ቃሌን ይጠብቅ ነበር።

እኔም ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ጠየቅሁት።