ለአልጋችን የተጠራው ወንፈል

አባቴ አስፋልቱ ዳር አምስት ክፍል ሠርቶ ጨረሰና በሮቹን ሰማያዊ ቀባቸው። ብሎኬቱም፣ ቆርቆሮውም፣ አልጋዎቹም ከሪያድ የመጡ ናቸው ማለት ይቻላል። ታላቅ እህቴ እዚያ ሰው ቤት እየሠራች የላከችው ነው። ስምምነቱ ግልጽ ነበር። ክፍሎቹ እንግዳ ከለመዱ እትዬ ኮንትራቷ ሲያልቅ ትመለሳለች፤ ካልለመዱ ሌላ ሁለት ዓመት ትፈርማለች። ስለዚህ ያን ሰሞን ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ። ይሄኛው ቢቆም እትዬ ትንሽ ትቀርባለች እላለሁ።

መኪናው ግን አይቆምም። የወልድያው ወደ አላማጣ፣ የአላማጣው ወደ ወልድያ ይበራል። ቆቦ የሚያድር ሰው ቢኖርም ወደ መናኸሪያው ጠጋ ያሉትን አልጋ ቤቶች ነው የሚያውቀው።

መላውን ያመጣው የአጎቴ ልጅ ነው። ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር ቤት አለው፤ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ዘፈን ይጭናል፣ የተበላሸ ስልክ ያያል። እኔ በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ የተማርኩት እሱ ዘንድ ነው። የመጀመሪያ ግጥሜንም ሳያስከፍል በወፍራም ወረቀት አትሞ "ወደፊት ስትታወቂ እኔ ነኝ ያተምኩላት እላለሁ" ብሎኝ ነበር። ወረቀቱ እስካሁን አለ።

ከእትዬ ጋር በስልክ ብዙ ተነጋገሩ። ድረ ገጽ ይሠራልናል፤ ከዚያ ማስታወቂያ ይገባል፤ መንገደኛ ስልኩ ላይ "ቆቦ አልጋ" ብሎ ሲፈልግ የእኛ ከሁሉም በላይ ይወጣል። ክፍያው ከእትዬ ካርድ ነው። ስለ ክፍያው የተነጋገሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ለእኔ የደረሰኝ ጽሑፉ ነው። እኔም ከዚያ ሌላ የምፈልገው አልነበረም።

መጀመሪያ የጻፍኩት ከዞብል ተራራ ይጀምርና በማሽላው ዛላ በኩል አድርጎ በነፋሱ ይዞራል። ማስታወቂያው የሚቀበለው ግን ጥቂት ቃል ብቻ ነው። የአጎቴ ልጅ ሳቀ።

"እቱ፣ ሰውየው ደክሞታል። ማሽላው ምን ያደርግለታል? የሚተኛበትን ንገሪው።"

ተራራውን አወጣሁት። ነፋሱን አወጣሁት። ማሽላው አንጀቴን እየበላኝ እሱንም አወጣሁት። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦ "ቆቦ ላይ መሸብዎ? ንጹሕ አልጋ፣ ቀዝቃዛ ውሃ።"

የአጎቴ ልጅ አነበበው። ደግሞ አነበበው። "ይሄ ነው" አለ። የቆቦን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ሲባል ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ከዚያ ቀን በፊት መጻፍ ማለት መጨመር ይመስለኝ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ላይ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር፤ ነጂው በመስታወቱ እያየኝ "ምን አገኘሽ?" አለኝ። ሁለት መስመር አልኩት።

ማስታወቂያው ወጣ። ማንም አልመጣም። የአጎቴ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ የድረ ገጹን ጎብኚዎች ብዛት የሚያሳየውን መስመር አሳየኝ፤ እንደ ራያ ሜዳ የተዘረጋ፣ አንዲት ጉብታ የሌለው።

"ገበያ ታውቂ የለ?" አለኝ። "ሰው የከበባት ሻጭ ጋ ነው ሰው የሚሄደው። ማስታወቂያም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ የራሳችሁ ሰው ጠቅ ጠቅ አድርጎ ከበብ ያድርጋት፤ ባዕዱ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል። ሰፈሩን ጥሪ።"

"እንደ ወንፈል?"

"አዎ፣ እንደ ወንፈል" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ወንፈል ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለእኔ ነው። ማሽላ ሲደርስ ሰፈሩ ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ ያነሳል፤ ባለማሳውም በተራው ለሁሉም ይመልሳል። እናቴ "በጣት የሚሠራ ወንፈል አይቼም ሰምቼም አላውቅ" አለች፤ ቢሆንም ቆሎ ቆላች፣ ሻይ ጣደች። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሰዉ ስልኩን ይዞ መጣ። ስልክ የሌለው የልጁን፣ የልጅ ልጁን ስልክ ተውሶ መጣ። ግቢያችን ሞላ።

እያንዳንዱ "ቆቦ አልጋ" ብሎ ይፈልጋል፤ የማይጽፈውን እኔ እጽፍለታለሁ። ከላይ የእኔ ሁለት መስመር ይወጣል፤ ይነካዋል። ጎረቤታችን ሽማግሌው ግን ቢነኩት ቢነኩት ስልኩ አልከፈት አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሞፈር የጨበጠ ጣት ነው፤ ደርቋል።

"ይቺ ዕቃ አትሰማኝም" አሉ።

"እኔም ስጠራዎ አይሰሙኝም" አሉ ሚስታቸው። "ዛሬ በርስዎ ደረሰ።"

ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌው ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው እንደገና ነኩት፤ ተከፈተ። "አሁን ሰማች" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው።

"ይቺ ናት? ነካኋት። ልድገማት?" ትላለች አንዷ።

"ይድገሙ፣ ይድገሙ፣ አትሰበርም" ይላል የአጎቴ ልጅ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ስልክ እየተቀበለ፣ ኔትወርክ የቆመበትን እያስተካከለ።

አንዷ ወገቧን ይዛ "ምነው የማሽላውም ወንፈል ተቀምጠው ቢሆን" አለች። ሌላዋ "ቆይ፣ የነካነው ምን እንደሚል እንኳ አናውቅ፤ አንብቢልን" አለችኝ። ተነሥቼ አነበብኩት። ሁለት መስመር ስለሆነ ቶሎ አለቀ። "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። አንድ እናት "ወላሂ ውሃ ጠማኝ" አሉ። ሰው ፊት ቆሜ የራሴን ቃል ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ሲያልቅ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። "አላህ በሩን በእንግዳ ይሙላው። ልጅቱንም በሰላም ለቤቷ ያብቃት።" ሁላችንም አሚን አልን። የአጎቴ ልጅም መዳፉን ዘርግቶ አሚን አለ፤ ከሁላችንም ጮክ ብሎ ነበር።

በነጋታው የጎብኚዎቹ መስመር እንደ ዞብል ተራራ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያም በኋላ አልወረደም። "አሁን የሚገባው ባዕድ ነው፤ ካዲስ አበባ አለ፣ ከመቀሌ አለ" አለኝ የአጎቴ ልጅ። አመንኩት። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምር እኔ አንዱ ሰው መቀሌ ሆኖ "ቀዝቃዛ ውሃ" የሚለውን ሲያነብ አያለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ላይ እቀመጣለሁ። አባቴ ክፍሎቹን ይጠርጋል፤ እናቴ አንሶላውን ታራግፋለች፤ ሮቶው ሞልቷል። ሚኒባሱ ያልፋል።

እትዬ የምትደውለው አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡ ነው። የዚያን ቀን ሰላምታዋ አጭር ነበር።

"ለማስታወቂያው ያስያዝኩት ብር ሊያልቅ ነው አለኝ የአጎታችን ልጅ" አለች። "እንግዳ ገባ?"

"አልገባም። ግን ጎብኚው በዝቷል፤ ካዲስ አበባ፣ ከመቀሌ..."

"እሱ የላከልኝ የጎብኚ ዝርዝር እኮ አሁን ፊቴ ነው። ከየት እንደገቡ ይናገራል። ቆቦ፣ ቆቦ፣ ቆቦ ነው የሚለው። እዚያ ማን አለ ይህን ሁሉ የሚነካ?"

በኩራት ነገርኳት። ወንፈል እንደጠራን፣ ሰፈሩ እንዴት እንደመጣ፣ ሽማግሌው ጣታቸውን እንዴት እንዳራሱ፣ ምን ብለው ዱዓ እንዳደረጉላት። ሳቋን ጠበቅሁ። የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ" አለች። "ሰው አንዴ በነካው ቁጥር ከእኔ ይቆረጣል። ማስታወቂያው እንደዚያ ነው የሚሠራው። አልነገራችሁም?"

"ማን?"

"እሱ ነዋ። ለእኔ ያስረዳኝ እሱ ራሱ ነው። ለሱም የምከፍለው ባስገባው ጎብኚ ቁጥር ነው፤ እንደዚያ ነው የተስማማነው።"

እናቴ ከጎኔ "ምን አለች? ምን አለች?" ትላለች። ጆሮዬ ውስጥ ያለው "ይድገሙ፣ ይድገሙ" የሚለው ድምፅ ነው።

ኮምፒውተር ቤቱ ስደርስ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ልጅ ኮምፒውተር ሲከፍት ከመጫወቱ በፊት የእኔን ሁለት መስመር ነካና ዘጋው። አላነበበውም። ከአዲስ አበባና ከመቀሌ የመጡት ሰዎቼ እነዚህ ነበሩ።

"ታውቅ ነበር" አልኩት።

አላፈረም። ወንበር ሳበልኝ። "ተቀመጪ እንጂ። እህትሽ ጎብኚ አለች፤ ጎብኚ አመጣሁ። እንግዳ አምጣ አላለችኝም።"

"ሽማግሌው ዱዓ ሲያደርጉ አሚን ብለሃል።"

"ዱዓ ላይ አሚን አይባልም?" አለ። ልጆቹ ሳቁ። ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ ወጣሁ።

አባቴ አጎቴን አነጋገረው፤ አጎቴ ልጁን ተቆጣው፤ የአጎቴ ልጅ "ቤተሰብ ነን" አለ፤ ነገሩ እዚያው ቀረ። የእትዬ ብር ግን አልተመለሰም። ሁለተኛ የምታስይዘውም አልነበራትም።

ኅዳር ገባና ማሽላው ደረሰ። ሰዉ ወንፈል መጥራት ጀመረ።

"እማ፣ ነክተው እኮ ነው የጎዱን" አልኳት።

"እነሱ ምን አወቁ? ሊረዱን ነው የመጡት። የመጡበት ይመለሳል" አለች።

መለስን። የሽማግሌውን ማሳ፣ ወገቧን የያዘችውን ሴት ማሳ፣ የሁሉንም። አንድም ሰው የሆነውን አልነገርነውም። ሽማግሌው ባገኙኝ ቁጥር "እንግዳው እንዴት ነው?" ይሉኛል፤ "ይመጣል፣ ኢንሻአላህ" እላለሁ።

የመጨረሻው ወደ ዋጃ መንገድ ያለው የአጎቴ ማሳ ነበር። አልሄድም ማለት ይቻል ነበር፤ አልተባለም። ወንዶቹ አገዳውን ያጋድማሉ፤ እኛ ዛላውን እንቆርጣለን። ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ የአጎቴ ልጅ ጀሪካንና ጣሳ ይዞ መጣ፤ ለሁሉም ቀድቶ እኔ ጋ ሲደርስ ቁጢጥ አለ።

"አሁንም ተኮራርፈናል?" አለ። "ስሚ፣ ሮቢት ላይ አንድ አልጋ ቤት ያለው ሰው አግኝቻለሁ። ያቺን የአንቺን አሳየሁት፤ ወደዳት። 'ይቺን የጻፈው ማን ነው?' አለኝ። ሁለት መስመር ጻፊልኝ፣ እንደዚያች አድርገሽ።"

ደስ አለኝ። እውነቱ ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚያናድደኝም ይህ ነው። ያ የማላውቀው የሮቢት ሰው አንብቦኝ ነበር፤ ካነበቡኝ ባዕዳን የመጀመሪያው እሱ ነው፤ ወሬውን የነገረኝ ደግሞ የአጎቴ ልጅ። ወዲያው መስመሮቹ ጭንቅላቴ ውስጥ መደርደር ጀምረው ነበር።

"ልጽፍልህ እችላለሁ" አልኩት። "አሚን የሚልልህ ማን ነው?"

ጣሳውን አስቀምጦ ተነሣ። ሌሎቹ ሴቶች ምን እንደተባባልን አልሰሙም፤ "ምን ብለሽው ነው?" አለች አንዷ። "ውሃ አልኩት" አልኳት።

እትዬ ሌላ ሁለት ዓመት የፈረመችው በዚያው ሳምንት ነው። ስትደውል ስለ ፊርማው ብዙ አላወራችም። "ያቺን ጽሑፍሽን ሥራ ሲበዛብኝ አወጣና አነባታለሁ" አለችኝ። "አሁን አትቆርጥብኝም፤ ማስታወቂያው ቆሟል።"

በአጎቴ ማሳ ላይ ግን ይህን ገና አልሰማሁም ነበር። ጣሳውን አንሥቼ ጠጣሁ። ውሃው ሞቆ ነበር። ከዚያ ወደ ዛላዬ ተመለስኩ።