ሙሽራዋ ለምን አትዞርም?

ፀጉር ቤቴ ውስጥ ስለ ኳስ ማውራት ክልክል ነው። ቀልዴን አይደለም፣ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። ኳስ የሚያወራ ሰው ምላጭ አንገቱ ላይ እንዳለ ረስቶ ይዘላል፤ እኔ ደግሞ የሰው ጆሮ ቆርጬ መካሰስ አልፈልግም። ፊልም ግን ይፈቀዳል። እሱም ቢሆን ዝም ብሎ ፊልም አይደለም። ሰው አይቶት "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጉድ ነው?" ብሎ የተወው፣ ሲኒማ ቤት ገብቶ በማግስቱ የወረደ፣ ውሉ የጠፋበት ፊልም ነው የኛ ነገር። ቅዳሜ ከሰዓት ወንበሮቹን ወደ ቴሌቪዥኑ እናዞርና እንጨቃጨቃለን።

ጨቅጫቆቹን ላስተዋውቃችሁ። አንዱ መምህሩ ነው። ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ፊልም ላይ ግን ተራራው ተራራ፣ ወንዙም ወንዝ ሆኖ አይታየውም፣ ሁሉም ነገር ምሳሌ ነው። ካሜራው ላይ ዝንብ ብታርፍ የነፍስ ምሳሌ ናት። ሁለተኛው የአውቶቡስ ሹፌሩ ነው፣ ስህተት ለቃሚ። ተዋናዩ በቀኝ እጁ የያዘው ብርጭቆ ድንገት በግራው ሲገኝ ጮቤ ይረግጣል። ሦስተኛው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፤ ቅጥነቱንም ሙያውንም አይተን "ሽቦ" አልነው፣ አሁን ሚስቱም እንደዚያው ትጠራዋለች። እኔ ዳኛ ነኝ። ቤቱ የኔ፣ ቴሌቪዥኑ የኔ፣ ዴኩ የኔ፣ ማን ይናገረኛል?

ላወራላችሁ የተነሳሁት ግን ስለ እትዬ ነው። ጎረቤቴ ናቸው፣ ልብስ ሰፊ። የሳቸውን ሱቅ ከኔ የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ የስፌት መኪናቸው ሲነሳ የኔ ማበጠሪያዎች ይንቀጠቀጣሉ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሰው መጀመሪያ አቋቋሙን ነው የሚያርሙት። "ቀጥ በል እንጂ! አንተ ተጣመህ ሱሪው ምን በደለ?" ይሉታል። የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ጫፉን አጥፈው ትርፍ ጨርቅ ይተዋሉ፣ "ታድጋለች፣ ይለቀቅላታል" እያሉ። አንገትጌያቸው ላይ ሁልጊዜ ስፒል አለ። ከልብስ የነቀሉትን ስፒል ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይሆንላቸውም፣ እዚያው አንገታቸው ሥር ሰክተው ይቀጥላሉ። የሰፉት ልብስ ውስጥ ስፒል ተረስቶ የወጋው ሰው ቢመጣ መኪናቸውን እንደሚሸጡ ምለዋል። ባላቸው ሥራ ፍለጋ እንደወጡ የውሃ ሽታ ሆነው ቀርተዋል። እኔ ወደዚህ ሰፈር ስመጣ ብቻቸውን ነበሩ፣ ከዚያ ወዲህም ብቻቸውን ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የእጅ ሥራቸውን ይዘው እኛ ዘንድ ይመጣሉ። በሩ አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ይቀመጣሉ።

"እትዬ፣ ወንበሩን ላዙርልዎት እንጂ" ስላቸው፣

"ተወኝ ልጄ፣ ለመርፌዬ ብርሃኑ ከዚህ ይሻለኛል" ይሉኛል።

አሁን ስለ ፊልሙ። አንድ ካሴት አለን፤ ካሴት አከራይ ሱቅ ሲዘጋ ያተረፍነው ነው። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ስለተላጠ "የሙሽራዋ" እንለዋለን። ታሪኩን ንገረን ብትሉኝ አላውቀውም። በሠርጓ ዋዜማ የሞተች ሙሽራ አለች፣ አሮጌ ፎቅ ቤት አለ፣ መሐል ላይ አንድ ሰውዬ ያለ ምንም ምክንያት ድንች ይልጣል። ብዙ ድንች። ግን አንድ ቦታ አለች። ሙሽራዋ ጀርባዋን ሰጥታን ደረጃውን ትወጣለች፣ ደረጃው ሲጥ ሲጥ ይላል፣ የቀሚሷ ጭራ ከኋላዋ ይጎተታል። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቅ ትላለች። ሙሽራዋን ተከትላ ጎንበስ ትላለች፣ ቀና ብላ እኛን ታየናለች፣ ከዚያ መጋረጃው ይውጣታል። ሙሽራዋ አትዞርም። ልጅቷ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ፊልሙ ውስጥ የለችም።

ለዓመታት ስንጣላ የኖርነው በዚህች ልጅ ነው።

"ስህተት ናት!" ይላል ሹፌሩ። "የአንዱ ሠራተኛ ልጅ ሾልካ ገብታ ነው። አበላሸችው፣ አለቀ!"

"አበላሸችው?" መምህሩ ከወንበሩ ይነሳል፤ አንድ ቀን እንዲያውም ጢሙ ግማሹ ሳይላጭ ነው የተነሳው። "እሷ ባትኖር ይሄ ፊልም ምን ነበር? ድንች ነበር! ነፍሱ እኮ እሷ ናት። ሞት ናት እሷ፤ ጎንበስ የምትለው ሟቿን ወደ መሬት ልትስባት ነው።"

"ሞት በሹራብና በነጠላ ጫማ?"

"ምን ለብሶ እንዲመጣ ትፈልጋለህ፣ ከረባት?"

"እሺ፣ ሙሽራዋ ለምን አትዞርም? አንተ ከኋላህ ኮቴ ስትሰማ አትዞርም?"

"እሱን እኮ ነው የምልህ፣ ሙታን አይዞሩም!"

ካሴቱን እዚያች ላይ አቁመን፣ የልጅቷ ፊት ስክሪኑ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ሁለቱ ሲጯጯሁ ይመሻል። እውነቴን ልንገራችሁ፣ እኔ ልጅቷን እፈራት ነበር። የኔ ቤት ግራና ቀኙ መስተዋት ነው። እሷ ቀና ስትል በሁሉም መስተዋት ውስጥ ቀና ትላለች፤ ፊቴን የማዞርበት ግድግዳ የለኝም። ሱቅ ስዘጋ ቴሌቪዥኑ ላይ ፎጣ እጥልበት ነበር። ሳቁብኝ፣ ግድ የለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ አይ ነበር። ደረጃው ሲጥ ማለት ሲጀምር የእትዬ መርፌ ትቆማለች። አንገታቸውን አያዞሩም፣ መስተዋቱንም አያዩም፣ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተክለው ክርክሩን ይሰማሉ። ሹፌሩ "አበላሸችው" ሲል ትከሻቸው ሽምቅቅ ይላል። መምህሩ "ነፍሱ ናት" ሲል መርፌዋ ትንቀሳቀሳለች። የመንፈስ ነገር ስለማይወዱ ነው ብዬ ነበር። ምን አውቄ!

አንድ ቅዳሜ ሽቦ ኮምፒውተሩን አቅፎ እየሮጠ ገባ። ካሴቱን ለጥገና ወስዶት ሰንብቷል፤ እያቆምን ስናየው ያ ቦታ ሊበጠስ ደርሶ ነበር፣ ከስክሪኑ በታች በኩል ደግሞ ከድሮም የሚርመሰመስና ምስሉን የሚሸፍን ነጭ ግርፍ ነበረበት።

"አንድ መጥፎና ሁለት ጥሩ ወሬ" አለ ሽቦ። "መጥፎው፣ ካሴቱ ማሽን ውስጥ ብጥስጥሱ ወጥቷል፤ አፈር አልብሱት። ጥሩው፣ ከመበጠሱ በፊት ኮምፒውተር ላይ ገልብጬዋለሁ፣ ግርፉንም አጥርቼዋለሁ። ሌላው ጥሩ ወሬ ደግሞ፣ ልጅቷን ማጥፋት እችላለሁ።"

"ማጥፋት ማለት?" አልኩት።

"ማጥፋት ነዋ! ሙሽራዋ ብቻዋን ትወጣለች፣ መጋረጃው ንቅንቅ አይልም። ከእንግዲህ ያለው ፊልም ይሄ ብቻ ነው፤ እንዴት ሆኖ ይቅር? እናንተ ወስኑ።"

ሹፌሩ አጨበጨበ። "ይጥፋ! ያ ምስኪን ዳይሬክተር ዕድሜ ልኩን ሲያርር የኖረበትን ስህተት እናርምለት!"

"ነፍሰ ገዳዮች!" ብሎ ጮኸ መምህሩ።

ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። በመጨረሻ ሁሉም ወደኔ ዞሩ፣ ዳኛው ይፍረድ ተባለ። ጉሮሮዬን ጠርጌ አፌን ስከፍት መሬት ላይ ብረት ተንቋቋ። የእትዬ መቀስ ነው። የእትዬ መቀስ ከእጃቸው ወድቆ አያውቅም።

"አታጥፏት" አሉ።

ሹፌሩ የጨዋታ መስሎት ሳቀ። "እትዬም ከመምህሩ ጋር ሆኑብኝ? ስህተት እኮ ናት፣ የማን ልጅ እንደሆነች እንኳ የማትታወቅ..."

"የኔ ናት" አሉ እትዬ። "የኔ ልጅ ናት።"

ፀጉር ማድረቂያው ብቻ ነበር የሚጮኸው። እሱንም አጠፋሁት።

"ያኔ የምኖረው ሌላ ሰፈር ነበር" አሉ፣ አሁንም ፊታቸው ወደ መንገዱ ነው። "ዳይሬክተሩ ልብሶቹን እንድሰፋ ቀጠረኝ። ሙሽራ የምትሆነው ሴትዮ ተጣልታው ጥላው ሄደች፤ በጀርባ ብቻ ስለሆነ እኔው ቀሚሱን አጥብቤ ለብሼ እንድወጣ ተባለ። 'ምንም ብትሰሚ ወደ ኋላ እንዳትዞሪ' አለኝ። አልዞርኩም። ደረጃው ጫፍ ስደርስ ሰውዬው ጮኸ። ልጄ ገብታ ኖሯል፤ የቀረው የመጨረሻው ጥቅል ፊልም ነበር፣ ሌላ መግዣ የለውም። በሰው ፊት አዋረደኝ። እኔም በሰው ፊት ልጄን 'እንጀራዬን አበላሸሽብኝ፤ ሁለተኛ ሥራዬ ቦታ ድርሽ እንዳትዪ' አልኳት። ልጅ እኮ ሰበብ ይሰጣል፣ 'እኔ አይደለሁም' ይላል። እሷ እሺ ብላ ወጣች።"

የወደቀውን መቀስ አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"እሺ እንዳለችም ቀረች፣ ድርሽ አላለችም። መኪናዬ አጠገብ ነበር የምትውለው፣ ከዚያ በኋላ ግን በር ላይ ቆማ ነበር የምታየኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ታመመች፣ ቀበርኳት። ፎቶ ቤት ልውሰዳት፣ ዛሬ ነገ ስል አንድ ፎቶ እንኳ የላትም። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ሱቄ ቁጭ ብዬ ያን ደረጃ በጣውላው በኩል ሰማሁት። የትም ብሰማው አልስተውም።"

"ታዲያ ያን ያህል ጊዜ እዚህ ሲመጡ ለምን አላዩዋትም?" አልኳቸው።

"በምን ዓይኔ? አባርሬያታለሁ እኮ! የምመጣው ፍርዷን ልሰማ ነው። አንዳንዱ ቅዳሜ አበላሽታለች፣ አንዳንዱ ቅዳሜ አላበላሸችም። ላላበላሸችበት ቅዳሜ ስል ነው የምመጣው።"

ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። "ምነው ምላሴን በቆረጠው!" አለ።

"ክፈተው" አሉ እትዬ ሽቦን። "ልታጠፏት ከነበረ፣ ሳላያት ልትጠፋ ነበር ማለት ነው። ክፈተው፣ ልዙር።"

ወንበሩን ከነእሳቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩት። ሽቦ የኮምፒውተሩን ሽቦዎች ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካ። ደረጃው ሲጥ አለ። ሙሽራዋ ወጣች። መጋረጃው ተንቀሳቀሰ፣ ልጅቷ ብቅ አለች። ያ ነጭ ግርፍ ይርመሰመስበት የነበረው የስክሪኑ ታች ጥርት ብሏል። ያኔ ነው እጇን ያየነው። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ፊቷን አቁመን ስንፋጠጥ፣ እጇ ምን እንደሚሠራ አንዳችንም አላየንም! የቀሚሱን ጭራ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አደረገች፣ ሳብ አደረገች፣ እጇን ወደ አንገቷ ወስዳ ሹራቧ ላይ አንድ ነገር ሰካች። ከዚያ ቀና ብላ አየችን።

"መልሰው" አሉ እትዬ።

መለሰው።

"አንዴ፣ በሞቴ።"

እንደገና መለሰው። ልጅቷ እጇን ወደ አንገቷ ስትወስድ የእትዬም እጅ ወደ አንገትጌያቸው ሄደ፣ ስፒሎቹ ላይ አረፈ። እኔ በመስተዋቱ ውስጥ ሁለቱንም እጅ አየሁ።

"ስፒል ነው" አሉ። "በጥድፊያ ሳጠብበው ጭራው ላይ ስፒል ረስቼ ነበር። እግሬን እንዳይወጋኝ ነው የመጣችው።" ቀጥለው በቀስታ፣ "አላበላሸችም፤ ሥራ ላይ ነበረች። ልጄን እየሠራችልኝ ነው ያባረርኳት" አሉ።

ስክሪኑ ላይ ሙሽራዋ መውጣቷን አላቆመችም። እትዬ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ዙሪ!" ብለው በገዛ ጀርባቸው ላይ ጮኹ። "ዙሪ እንጂ አንቺ ሴትዮ! አንድ ጊዜ ዙሪ!"

አልዞረችም። ደረጃውን ጨርሳ ጠፋች። እትዬ ቁጭ ብለው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፤ ደንበኛ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሲያየን ተመልሶ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁላችንም ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው አንገታችንን ደፍተን ተሰበሰብን። ሽቦ ሌላ ፊልም ይዞ መጥቷል፣ ስለ አንድ በራሪ አልጋ። ስለ አልጋው ተከራከርን፤ ስለ ልጅቷ ማንም ትንፍሽ አላለም። እትዬ ወንበራቸውን ራሳቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው ተቀምጠው ነበር። መርፌያቸው ቆመች።

"ምነው?" አሉ። "ልጄ ዛሬ የለችም?"

"እትዬ፣ ከእንግዲህማ እኛ ምን አፍ አለን..." አለ ሹፌሩ።

"ምን አፍ አለን? እስከ ዛሬ በማን አፍ ነበር ስትጮህብኝ የኖርከው? በዚህች ምድር ላይ ልጄን የሚያነሳት ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ። ዝም ካላችሁማ ሁለተኛ ቀበራችኋት ማለት ነው። ተጨቃጨቁ እንጂ!"

ሹፌሩ ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሸ ተነሳ።

"እኔ... ይቅር ይበሉኝ እንጂ እትዬ፣ እኔ አሁንም ስህተት ናት ነው የምለው።"

"ጎሽ!" አሉት። "በል ከነምክንያቱ።"

መምህሩ ዓይኑን በመሐረብ ጠርጎ "ድንች!" ብሎ ጮኸበት፤ ቤቱ እንደ ድሮው ሆነ።

ሲጨርሱ ሁሉም ወጡ፣ እኔ ወለሉን ጠርጌ እንደ ልማዴ ፎጣዬን አንስቼ ቴሌቪዥኑን ላለብስ ስል እትዬ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ተው ልጄ" አሉኝ። "ጨለማ አትወድም ነበር።"

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስዘጋ ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለችውን አምፖል አብርቼላት ነው የምሄደው።