ከፊት የሚጎርስ ሽጉጥ

ጋሽ መኩሪያ ቁጭ ማለት አይሆንላቸውም። ትራም ሲያጸዱ ውለው ቬስትሊ ከሚባለው የኖርዌይ ሰፈራቸው ሲገቡ እንኳ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከመስኮት ወደ በር ይመላለሳሉ። በፈረንጆቹ 2008 መከር ላይ ደግሞ የሚያመላልስ ምክንያት ነበራቸው። የዜግነት ማመልከቻቸው መልስ ሳያገኝ ስምንት ወር ሆኖታል። የቀድሞ ሥራ በሚለው ቦታ «የመኪና መካኒክ» ብለው ሞልተዋል፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጥገኝነት ሲጠይቁም ያሉት ይህንኑ ነው። እውነቱን የምታውቀው ልጃቸው መድሃኒት ብቻ ናት፦ አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩት በጦር ሠራዊት ግምጃ ቤት ጠመንጃና ሽጉጥ ሲጠግኑ ነው፤ የደበቁትም የሠራዊት ሰው ተብለው እንዳይከለከሉ ፈርተው ነው።

አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው ክላርኔት የምትነፋበት የትምህርት ቤት ባንድ ሎፐማርከድ አዘጋጀ። ሰፈሩ ያረጀ ዕቃውን ያመጣል፣ ወላጆች ይሸጣሉ። ጋሽ መኩሪያ የመጽሐፍ ሣጥን ተሸክመው ሲያልፉ ከኋላቸው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰሙ። እንደገና ቀጭ።

ዞር አሉ። የጠረጴዛው ኃላፊ ሲግሩን፣ ከአንድ የሟች ቤት በመጣ ዕቃ መሐል ያገኘችውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ይዛ ወላጆቹ ላይ እያነጣጠረች ትስቃለች።

«አትፍሩ! ጥይት ማስገቢያ እንኳ የለውም። ከኋላው ድፍን ነው፣ የግድግዳ ጌጥ!»

ሦስተኛ ቀጭ። አራተኛ።

«አባዬ፣ ና እንሂድ» አለች መድሃኒት በአማርኛ፣ ክንዳቸውን ይዛ።

«ከፊት ነው እኮ የሚጎርሰው!»

«ምኑ?»

«ቀለህ ሳይመጣ በፊት የተሠራ ነው። ባሩዱ በፊት በኩል ይገባል፣ አረሩ በላዩ ይጠቀጠቃል። ከኋላ ያለችው አንዲት የመዳብ ቆብ ብቻ ናት፤ እሷ ስትመታ ይተኩሳል። ከኋላ ቢያዩት ምን ያሳያል?»

«መካኒክ ይህን ከየት ያውቃል? ይጠይቁሃል።»

ጋሽ መኩሪያ በሩን አዩ። ሣጥኑን አንዴ አስቀመጡት፣ መልሰው አነሡት። ሲግሩን የሽጉጡን መዶሻ ለአምስተኛ ጊዜ ስትስብ ግን መጽሐፎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሮጠው ደርሰው አውራ ጣታቸውን ከመዶሻው ሥር ከተቱ።

ጣታቸው ደማ። «ኧረ ምን ሆነዋል ሰውዬው!» ብላ ጮኸች ሲግሩን።

ጋሽ መኩሪያ ሽጉጡን ከእጇ ወሰዱ። ከሹራብ መሥሪያዎቹ ክምር አንድ የእንጨት ዘንግ አነሡና በአፈሙዙ ሰደዱት፤ የቆመበትን በጥፍራቸው ምልክት አደረጉ። የሽጉጡን ተሽከርካሪ ከበሮ በእጃቸው እያዞሩ እያንዳንዱን ቀዳዳ ለኩ። አምስቱ ልክ ምልክቱ ድረስ ዋጡት። አሁን ጣታቸው የደማለት ቀዳዳም ባዶ ነበር። ቀጣዩ ላይ ዘንጉ ምልክቱ ሊደርስ ሁለት ጣት ያህል ቀርቶት ቆመ፤ ባሩድና አረር ነበረበት። ከኋላው አረንጓዴ ዝገት የሸፈናት ቆብ ተቀምጣለች።

ሲግሩን ያነጣጠረችባቸውን ወላጆች አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ወንበር ፈለገች።

ፖሊስ መጣ። ወጣቱ ፖሊስ ማስታወሻውን ከፍቶ «እንዴት ሊያውቁ ቻሉ?» ሲል መድሃኒት ቀደመች፤ «አባቴ መካ...»

«ቮፐንስሜድ» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ በሚሰባበረው ኖርዌጅኛቸው። «የጦር መሣሪያ ጠጋኝ። ሃያ ሁለት ዓመት።»

ወጣቱ ፖሊስ ጻፈው። ስማቸውንም ጠይቆ ጻፈ።

በማግስቱ መድሃኒትን አስቀምጠው የማመልከቻቸውን ማስተካከያ ደብዳቤ አስጻፏት። እያለቀሰች ጻፈች።

«ወደ አገር ቤት ቢመልሱህስ?»

«ጻፊ፣ ልጄ።»

በመዶሻው የጠቆረው ጥፍራቸው ወልቆ አዲሱ በቅሏል፤ መልሱ ገና ነው። ጋሽ መኩሪያ በቀን ሦስት ጊዜ ደረጃውን ወርደው የፖስታ ሣጥኑን ከፍተው ያያሉ። ባዶ መሆኑን አይተውም እጃቸውን እስከ ጥጉ ይሰዳሉ።