ዘይነባን የሚጠብቅ ቤት

«እህቴ ዘይነባ በደላላ ከሄደች ወዲህ ያለችበትን አናውቅም።»

ዛሬ ቡታጅራ፣ ኮሌጃችን አዳራሽ ውስጥ ማይክ ይዤ ይህን ተናገርኩ።

ስለ ሕገወጥ የሰዎች ዝውውር ግንዛቤ ማስጨበጫ ነበር። (ግማሾቻችን የገባነው ለኬኩ ነው፤ አልዋሽም።) አሰልጣኙ «በዚህ መንገድ ዘመድ የሄደበት አለ?» ሲሉ ሳላስበው ተነሳሁ።

ዘይነባን ከትንሿ ከተማችን ከቆሼ የወሰዳት የሰፈራችን ሰው ነው። «ሳዑዲ ሥራ አለ፤ በጅቡቲ እናሻግርሻለን» አላት። ጅቡቲ ደርሳ «እማን አደራ» ብላ ደወለችልኝ። ከዚያ በኋላ ስልኳ አልሠራም።

እማ እስከ ዛሬ ከማታውቀው ቁጥር ሲደወልላት «ዘይኑ?» ብላ ነው የምታነሳው።

ከአዳራሹ ስወጣ የክፍሌ ልጅ ሐያት እያለቀሰች ተከተለችኝ። «ወላሂ፣ ዓርብ ልሄድ ነበር። ቤት ማንም አያውቅም» አለችኝ።

እጇን ይዤ ቤቷ ወሰድኳት። ለእናቷ ራሷ ነገረቻቸው። አቅፈው አልለቅ አሏት።

ሐያት ቀረች፤ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን «ዘይኑዬ፣ አንቺንም እንዲህ የሚመልስሽ ሰው ባገኘሽ» እያልኩ ብቻዬን ተመለስኩ።

እናንተስ ቤት የሚጠበቅ ሰው አለ? ከጠፋ በኋላ የተመለሰላችሁ ካለ ደግሞ በተለይ ጻፉልኝ። ለእማ አነብላታለሁ።